አንድ ጠርሙስ ባሕር

ባቡሩ ረጅም ነው፤ ከዓይን ያመልጣል፤
ራሱ ሲነቃ ጅራቱ ይተኛል።
ከኑዋዲቡ ወደብ ብረቱን አራግፎ
ባዶ ሆዱን ይዞ ሲመለስ አኩርፎ
ሣጥኑ ውስጥ ገባሁ፣ በብርድ ልብስ ታጥፌ፣
ፊቴን በሻሽ ሸፍኜ፣ ጉልበቴን አቅፌ።

ጓዜ ብዙ አይደለም፦
ሩብ ማዳበሪያ የደረቀ ዓሣ፣
ለወንድሜ ጫማ፣ ቁጥሩ የተረሳ፣
ለእናቴ ደግሞ፣
በዘይት ጠርሙስ ውስጥ፣
አንድ ሊትር ባሕር።

ስድስት ዓመት ሙሉ ዓሣ ስበልት ኖሬ
በደወልኩ ቁጥር አንድ ነው የእናቴ ወሬ፦
«ባሕር ምን ያህል ነው?»
ምን ያህል ልበላት?
ከዙዌራት ወጥታ ለማታውቅ እናት
በምን ላሳያት?

ሌሊቱ ገፋ። ብረቱ ቀዘቀዘ።
የማዕድኑ ብናኝ ጥርሴ ላይ ተያዘ።
ሥራ ስፈታ ጊዜ በረሃውን ልለካ
ተነሣሁ፤ መለኪያ የለኝም ለካ።
በጋሻ እንዳልለካ አራሽ የለው፣ ገባር፤
በጥማድ እንዳልለካ በሬ የለው፣ ቀንበር፤
በክንድ እንዳልጀምር ክንዴ ይደክማል ቀድሞ፤
በእንቅልፍ ለካሁት፦
ተኛሁ። ነቃሁ። እሱው ነው ደግሞ።
ሌላ እንቅልፍ ጨመርኩ።
ጨረቃ አዘቀዘቀች፤ ሰው መሰለኝ ጉብታው፤
ነቃሁ፤ አሁንም እሱው፣
ወይስ ባቡሩ ነው የሚሮጥ በቦታው?

ከጎኔ የነበሩ ሽማግሌ፣ ሲዳቲ ነው ስማቸው፣
ከዓይናቸው በቀር የማይታይ ፊታቸው፣
ባቡሩ ሲያዘግም፣ ከምንም መሀል ላይ፣
ከረጢት ወረወሩ፤ ተከትለው ወረዱ።
«አባት፣ ወዴት ነው?» ስል
«ቤቴ» አሉኝ፣ ጨለማውን በጣታቸው ጠቁመው።
መብራት የለ፣ ዛፍ የለ፣ የሚጮኽ ውሻ የለ።
እሳቸው ግን ሄዱ፣ ሳይቸኩሉ፣ አቅንተው፣
እሳት ሊጭር ጎረቤት እንደሚሻገር ሰው።
እኔ ምንም ያልኩት ለካ የሰው ደጃፍ ነው።

ሊነጋጋ ሲል ሹም ደረስን። ስሟ ነው እንጂ ሹም
ከነፋስ በስተቀር ደጅ ጠኚ የላትም።
አንድ ልጅ ሻይ ሸጠኝ፤ ሳልጠጣው ተነሣን፤
ስለ ብርጭቆው ሮጠ፣ ሮጠ፣ አልደረሰን።
እስካሁን እጄ ላይ ነው። ዕዳዬ ነው።

ጫማው ለወንድሜ ጠበበ።
በስድስት ዓመት ውስጥ ልጅ እንደሚያድግ ማን ረሳ? እኔ።
እናቴ፣ ትከይበር፣ ጠርሙሱን ተቀብላ
ወደ ፀሐይ አነሣች፣ አንድ ዓይኗን ጨፍና።
«ይኸው ነው?»
«ይኸው ነው እማዬ። እንደዚህ ሜዳ ነው፣
ብቻ እርጥብ ነው፤ ዳሩ ከሰማይ የተሰፋ ነው።»
«ሰውስ?»
«ሰው የለበትም።»
«ስለኛም እንዲሁ ይላሉ» ብላ ሳቀች።

በሰሃን ቀዳች። ጣቷን ነከረች። ቀመሰች።
ዝም አለች።
«ኢጅል!»
ኢጅል የጨው ሜዳ ነው፣ ከሰፈራችን ማዶ፣
አያቴ አሞሌውን በግመል ጭኖ፣ ነግዶ
ዕድሜውን የፈጀበት።
«ይህማ የኛው ነው» አለች፣ ጣቷን እየላሰች፣
«የአባቴ ጨው እኮ ነው።
ይህን ሁሉ አሞሌ
ማን ተሸክሞ ነው፣ በስንት ግመል፣ በስንት ዓመት፣
ያን ሁሉ አገር አቋርጦ እዚያ ያደረሰው?»

መልስ አልነበረኝም።
በማግስቱ ሰሃኑ ደርቆ
ዳሩ ላይ ነጭ ቀለበት ቀርቶ ነበር።
ላነሣው ስል ቀደመችኝ፤
በጥፍሯ ፋቀችው፣
ሩዙ ላይ ነሰነሰችው።